የሳሌም ኮምፒውተር ለምን ዘገየ

ክቧ መሽከርከሯን አላቆመችም። የምሥራች ሦስተኛውን ጥያቄ መልሳ «ቀጣይ» የሚለውን ከተጫነች ቆይታለች፤ አራተኛው ጥያቄ ግን ሊመጣ አልቻለም። ነጩ ገጽ ላይ ትንሿ ክብ ብቻዋን ትዞራለች። ከላይ በስተቀኝ የቀረውን ጊዜ የሚቆጥረውን ሰዓት ግን ምንም አልነካውም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ሲዘገይ እሱ ብቻ ሥራውን በአግባቡ ይሠራል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሳሌም ማውሱን ደጋግማ ትጫናለች። ሁለቱ ከገጠር መጥተው በከተማው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፤ አሥረኛ ክፍልም አብረው ነው የሚማሩት። በሒሳብ ሳሌም ላይ የሚደርስ ተማሪ የለም። አሁን ግን በዚያ ብርድ ግንባሯን አልቧታል።

«ቲቸር፣ የኔ ሃንግ አደረገ!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«ታገሡ!» አሉ መምህር ጫኔ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ምንም ነገር እንዳትነኩ ብያለሁ። የሰማዩን ነገር ታዩታላችሁ።»

ሰማዩ ጉም ነው። የበልግ ጉም መንዝ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም። የከተማው መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በጣሪያው ላይ ባለው ሶላር ነው፤ የሶላሩን ኃይል ወደ እነሱ የሚያስተላልፈው ኢንቨርተር ደግሞ ትንሽ ሲበዛበት ጮኾ ይዘጋል። ባለፈው ፈተና ላይ ተዘግቶ የሁሉም መልስ ጠፍቷል። ስለዚህ መምህር ጫኔ ዛሬ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ኃይል እንዲቆጥቡ አድርገው ነው የከፈቷቸው።

የምሥራች ይህንን ታውቃለች። የባትሪው ምልክት ሲነካ በግራና በቀኝ የምትገፋ አንዲት አጭር መስመር እንደምትወጣም ታውቃለች። በግራ ጫፍ ቁጠባ ነው፣ በቀኝ ጫፍ ፍጥነት። በልምምድ ጊዜ በአጋጣሚ ነክታው ነው ያወቀችው፤ ያኔ ለጨዋታ ነበር፣ ለማንም አልነገረችም።

አንዴ ወደ ጎን አየች። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ምልክቱን ተጫነች፣ መስመሯን ወደ ቀኝ ገፋቻት።

አራተኛው ጥያቄ ወዲያው መጣ። አምስተኛውም መጣ። ከዚያ በኋላ ዐይኗን ከስክሪኑ ላይ ያነሣችው አንዴ ብቻ ነው፤ ሳሌም ጉንጯን በእጇ ስትጠርግ አይታ መልሳ ዞረች።

ለሳሌም ብነግራት ሳሌም ለጎረቤቷ ትነግራለች፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ከገፋ ኢንቨርተሩ ይዘጋል፣ ሁላችንም እንጠፋለን። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። እውነቱን ለመናገር ግን ይህንን ያሰበችው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ ስድስተኛው ጥያቄ ብቻ ነበር።

ሰዓቱ አልቆ ፈተናው ራሱን ሲዘጋ ሳሌም ገና ግማሹ ላይ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት መምህር ጫኔ ክፍል ገብተው ውጤቱን ነገሯቸው። ክረምቱን ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ሥልጠና አለ። ምግቡም መኝታውም ተችሏል፤ ሥልጠናውን የጨረሰ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመለሳል። ከእነሱ ትምህርት ቤት የሚሄደው በፈተናው አንደኛ የወጣው ተማሪ ብቻ ነው።

«የምሥራች አስፋው፣» አሉ።

ከሁሉም ቀድማ ያጨበጨበችው ሳሌም ናት። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። የምሥራች ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ጉንጯ አልታዘዝ አላት።

በዕረፍት ሰዓት ሳሌም መምህሩን ተከትላ ሄደች። የምሥራችም ከኋላ ነበረች። ሳሌም «ቲቸር፣ የኔ ውጤት ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቅ መምህር ጫኔ ቆም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የተናገሩትም በደግነት ነው፤ የባሰውም ለዚህ ነው።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ ልጄ፣» አሏት። «ኮምፒውተር ላይ ግን ትዘገያለሽ። እጅሽ አልለመደም መሰለኝ። አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር አልተፈጠረም።»

ማታ ውኃ ለመቅዳት ቦኖው ዘንድ ተሰለፉ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሳሌም ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች።

«የምሥሬ፣ እኔ ለፋሲካ እንደሄድኩ እቀራለሁ፣» አለች።

«የት ነው የምትቀሪው?»

«እቤት ነዋ። ወንድሜ ሱቅ ከፍቷል፤ እሱን አግዘዋለሁ። የአሥራ ሁለተኛም ፈተና እኮ በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ላይ ፈዛዛ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያለፋኛል? የአባቴን ገብስ በከንቱ መጨረስ ነው። ሼም ነው በእውነት።»

«ፈዛዛ አይደለሽም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ነው።»

«ያንቺም አሮጌ ነው፣» አለች ሳሌም። የተናገረችው ለነገር አይደለም። ደክሟት ነው እንዲሁ ያለችው።

የምሥራች ጀሪካኗን ይዛ ወደ ፊት ተጠጋች። ተራቸው ደረሰ፤ ጀሪካናቸውን ሞልተው፣ በየመንገዱ እያሳረፉ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ከሰል አቀጣጥለው ሽሮ ሠሩ። ሳሌም በላች፣ ደብተሯን ከፈተች፣ ወዲያው መልሳ ዘጋችው። ደብተር ከፍታ ሳትሠራ ስትዘጋ የምሥራች ስታያት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። 

ዓርብ ከትምህርት በኋላ የምሥራች ስንቅ ልታመጣ ወደ መንደሯ ሄደች። ሳሌም ግን «ደክሞኛል» ብላ ቀረች። መንደሩ ጓሳ ከሚባለው የሣር ሜዳ ጥግ ነው፤ መንገዱ ለብቻ ሲሆን ይረዝማል። እንደ ደረሰች እናቷ ጌታነሽ ትኩስ ገንፎ አቀረቡላት፤ በልታ ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከጥበቃ ተመለሱ። አቶ አስፋው ሕዝቡ ከመረጣቸው የጓሳ ጠባቂዎች አንዱ ናቸው። ሣሩ እንዲያድግ ተብሎ ሜዳው በተዘጋበት ጊዜ ማንም ከብት አያሰማራበትም፣ ማንም ሣሩን አያጭድበትም። የሚከፈትበትን ቀን የሚቆርጠው ሕዝቡ ተሰብስቦ ነው። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። በጉምና በብርድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየዞሩ መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ አባቷ ከገቡ በኋላ ለመቀመጥ እንኳ ዐቅም አጥተው በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ብቻቸውን አልመጡም። አረጋሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት፣ ተከትላቸው ገባች። ነጠላዋን አገልድማለች፤ እጇ በሣር ተጫጭሯል።

«ጋሼ አስፋው፣ በእመቤታችን!» አለች። «አንዲት ሸክም ሣር ናት። ዝናቡን ያዩታል። ቤቴ ሲያፈስ ልጆቼ ከጥግ ጥግ ሲሸሹ ነው የሚያድሩት። ያን የሚያህል ሜዳ፣ አንዲት ሸክም ምን ያጎድልበታል?»

«ምንም አያጎድልበት፣» አሉ አቶ አስፋው።

አረጋሽ ግራ ገባት። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም።

«አንዲት ሸክም ብቻ የሆነችው ግን ሌላው ስላላጨደ ነው፣ አረጋሽ። ያንቺ ጎረቤትስ ቤቱ አያፈስም? ያፈሳል። ቀኑ ይድረስ ብሎ እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። አንቺ ያጨድሽው ሣሩን አይደለም፣ የእሱን ትዕግሥት ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ። ራስሽ ተነሥተሽ ተናገሪ። ስለ ጣሪያሽም ያኔ ይነሣል፤ የሰው እጅ አይጠፋም።»

አረጋሽ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች። የምሥራች በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ባትናገርስ? እርስዎ ዝም ቢሏት ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅ።»

«ታዲያ ለምን ትናገራለች?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ አባቷ መደቡ ላይ እየተዘረጉ። «ጠባቂ እንጂ ቄስ አይደለሁ። ደክሞኛል፣ ይልቅ ይህን ቦቲ አውልቂልኝ።»

ቦቲውን ሳበች። ጭቃው እጇ ላይ ቀረ። አባቷ ሁለተኛው ሳይወልቅ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ እሷ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም።

እሑድ በሶውንና ዱቄቱን ተሸክማ ከተማ ስትገባ ሳሌም አልጋው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች ነበር።

«ነገ ጧት አብረሽኝ ኮምፒውተር ላብ ትገቢያለሽ፣» አለቻት የምሥራች።

«ምን ላደርግ? አቦ ተይኝ።»

«አንዴ ብቻ። ከዚያ ከፈለግሽ ወንድምሽ ሱቅ ሂጂ።»

ሰኞ ጧት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መምህር ጫኔ ገና ከሰንደቅ ዓላማው በፊት መጥተው ነበር። የምሥራች ለሳሌም አንድ ነገር ላሳያት ብላ ስትለምናቸው በሩን ከፍተውላቸው እዚያው ጥግ ተቀምጠው የፈተና ወረቀት ማረም ቀጠሉ።

«በፈተናው የነበርሽበት ላይ ተቀመጪ፣» አለች የምሥራች። «የልምምድ ጥያቄዎቹን ክፈቺ።»

ሳሌም ሳትወድ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጥያቄ እየተጎተተ መጣ። መልሳ ተጫነች፤ ክቧ መዞር ጀመረች። ሳሌም እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ይኸው። ያው ነኝ።»

«ቆይ።» የምሥራች ጎንበስ አለች፣ የባትሪውን ምልክት ተጫነች፣ መስመሯን ከግራ ወደ ቀኝ ገፋቻት። «አሁን ሞክሪ።»

ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ሳሌም ዝም ብላ አየችው፤ መለሰችና ተጫነች። ሦስተኛው መጣ። እሱንም መለሰች። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ከዚያ በኋላ መቆም አልቻለችም። ሒሳቡን በአፏ እያነበነበች፣ ገጹ ሳይቀድማት እሷ እየቀደመችው ወረደች። የተቋጠረው ግንባሯ እንኳ ተፈታ።

«እኔ አይደለሁማ!» አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ። «የምሥሬ፣ እኔ አይደለሁም እኮ!»

«አይደለሽም።»

መምህር ጫኔ ብዕራቸውን አስቀምጠው መጡ። ስክሪኑን አዩ፤ መስመሯን ወደ ግራ መልሰው አዩ፤ እንደገና ወደ ቀኝ ገፏት። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አሉ። «ኮምፒውተሮቹን ኃይል እንዲቆጥቡ ሳዛቸው ትንሽ ይዘገያሉ ብዬ ነው እንጂ፣ ፈተናውን በዚህ ሁኔታ ከፍቼ አልሞከርኩትም። ፕሮሰሰሩ የኮምፒውተሩ አንጎል ነው አላልኳችሁም? ቁጠባ ላይ ሲሆን ዝግ ብሎ ያስባል። ለንባብ፣ ለጽሑፍ ይበቃል። ኮምፒውተሩን የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ከሥር የራሱ ሥራ አለው፤ ቫይረስ ይፈትሻል፣ ፋይል ያስተካክላል፣ ይቺን ይከፍታል ያቺን ይዘጋል። ቁጠባ ነው ተብሎ ያ ሥራ አይቀርለትም። ፈተናው የሚያገኘው ከዚያ የተረፈችውን ጉልበት ነው።»

«እንደ እኛ ነዋ!» አለች ሳሌም። እየሳቀች ነው፤ ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ ገና አሁን ነው። «ቢደክመንም ውኃ መቅዳቱ አይቀር፣ ሽሮው አይቀር። የሚቀረው ጥናቱ ነው!»

መምህሩም ሳቁ። «ፈተናው ይደገማል፣» አሉ። «በሁለት ዙር አደርገዋለሁ። ግማሾቹን ማሽኖች ዘግቼ ግማሾቹን በሙሉ ጉልበት ብከፍት ኢንቨርተሩ ይችለዋል። ለዳይሬክተሩ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ የምሥራችን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ጎበዝ! እኔ መምህሩ ያላየሁትን አየሽ። መቼ ደረስሽበት? ትናንት ነው?»

ሳሌምም ቀና ብላ አየቻት። ዐይኗ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ ያለው ምስጋና ብቻ ነው። የምሥራችን የከበዳት እሱ ነው።

አዎ፣ ትናንት ብትል ነገሩ ሁሉ ይቃናል። ሳሌም ትምህርቷን አትተውም። ፈተናውም ይደገማል፣ እሷም እንደ ጎበዝ ተቆጥራ እንደገና ትቀመጣለች። የሚጎዳ ሰው የለም። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል፤ መልቀቅ ብቻ ነው የቀራት። ትናንት መንገዱን ሙሉ ያጠናችው ቃል ግን ሌላ ነበር።

«በፈተናው ዕለት ነው፣» አለች። «ምንም እንዳትነኩ እንዳሉን ነካሁት። የኔን ብቻ ወደ ፍጥነት አዞርኩት።»

የመምህር ጫኔ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።  ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው ወረቀቶቻቸውን ሰበሰቡ።

«ለዳይሬክተሩ ይህንንም መንገር ይኖርብኛል፣» አሉ በመጨረሻ።

«ይንገሯቸው።»

መምህሩ ወጡ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ደጅ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ እየተሰለፉ ነው፤ ጫጫታቸው ይሰማል። 

«እኔ እኮ አጠገብሽ ነበርኩ፣» አለች ሳሌም።

«አዎ።»

«እያለቀስኩ ነበር።»

የምሥራች እዚህም ላይ መዋሸት ትችል ነበር።

«አይቼሻለሁ፣» አለች።

ሳሌም ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ቀጣዩን ጥያቄ ከፈተች፣ ሠራችው፣ የሚቀጥለውንም ከፈተች። ሂጂ አላለቻትም፤ ቆዪም አላለቻትም። የምሥራች ወንበር ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠች።